አሮጌ ሶሌክስ እንዴት ትለያለች፣ እንዴትስ ትነሳለች

ፈረንሳይ ውስጥ እሑድ ጠዋት አሮጌ ዕቃ ገበያ የወጣ ሰው፣ የፊት ጎማዋ ላይ ሞተር የተቀመጠባት ጥቁር ብስክሌት ማየቱ አይቀርም። ቬሎሶሌክስ ትባላለች። ሰዉ አሳጥሮ ሶሌክስ ነው የሚላት። ከ1946 እስከ 1988 ድረስ ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ተማሪው፣ ቄሱ፣ የፋብሪካ ሠራተኛው ሁሉም ነድቷታል። ዛሬ ብዙዎቹ ምድር ቤት ውስጥ አቧራ ለብሰው ቆመዋል። የአብዛኞቹ በሽታ ደግሞ ቀላል ነው።

ይህ መመሪያ አውሮፓ ለምትኖሩና አንዷን ገዝታችሁ በገዛ እጃችሁ ማስነሳት ለምትፈልጉ ነው። ብዙ መሣሪያ አያስፈልግም። ጥቂት የብሎን መፍቻዎች፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ደቃቅ ብርጭቆ ወረቀትና ንጹሕ ጨርቅ ይበቃሉ። ከሁሉም በፊት የሚያስፈልገው ግን አሠራሯን ማወቅ ነው። ሶሌክስ ላይ ብዙ ነገር ከለመድነው ሞተር ሳይክል የተገላቢጦሽ ነው። በልማድ የሚነካካት ሰው ደህናውን ያበላሻል። ስለዚህ የሚቀጥለውን ክፍል ዘላችሁ ወደ ሥራው አትሂዱ።

መጀመሪያ፦ አሠራሯን እወቁ

ሶሌክስ የካርቡራተር፣ ማለትም ነዳጅን ከአየር የሚያደባልቀው ዕቃ፣ ፋብሪካ ነበር። ባለቤቶቹ ሞሪስ ጉዳርና ማርሴል ሜኔሶን ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ በ1941፣ 45 ሲሲ ሞተር አልሲዮን በሚባል ተራ ብስክሌት ላይ ጭነው ሞከሩ። ነዳጅ በራሽን ነው፣ ገንዘብም የለም። ስለዚህ የሚሠሩት ነገር ርካሽ፣ ቀላልና ነዳጅ ቆጣቢ መሆን ነበረበት። መንገዱን ያገኙት እየቀነሱ ነው። የሞተር ካቴና የለም። ማርሽ የለም። ባትሪ የለም። ካቴና ያላት ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ ብቻ ነው፤ እሱም የብስክሌት ካቴና ነው።

ታዲያ እንዴት ትሄዳለች? ሞተሩ ከፊት ጎማው በላይ ተቀምጧል። ባለ ሁለት ምት ነው። ከሥሩ ሸካራ ሮለር አለው። ሮለሩ የፊት ጎማውን ጫን ብሎ ያሽከረክረዋል። በቃ፣ ማስተላለፊያው ይኸው ነው። የክራንኩን ዘንግ ብታዩት አደራደሩ ያስደንቃል፦ በአንዱ ጫፍ ፒስተኑ፣ መሐል ላይ ሮለሩ፣ በሌላው ጫፍ ቮላኖው (አብሮ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት)። ስትሄዱ ሮለሩ ከሞተሩ እኩል ይዞራል። ሞተሩ አናት ላይ ረዥም እጀታ አለ። እጀታውን ወደ ኋላ ስትስቡት ሞተሩ በሙሉ ከጎማው ይነሳና መንጠቆ ይይዘዋል። ያን ጊዜ ተራ ብስክሌት ሆነች ማለት ነው።

ነዳጁን በደንብ ተከታተሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ብዙ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች ላይ ሰልባትዮው ከላይ ሆኖ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ወደ ካርቡራተር ይወርዳል። ሶሌክስ ላይ ሰልባትዮው ከካርቡራተሩ በታች ነው። ፒስተኑ ሲወጣና ሲወርድ ከሥሩ ያለው አየር ይጨመቃል፣ ይሳሳል። ያ ትንፋሽ አንዲት ስስ ዳያፍራም (ተለጣጭ ሽፋን) ያርገበግባል። ዳያፍራሟ ነዳጁን ወደ ላይ ትገፋለች። የምትገፋው ደግሞ ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ ነው። ትርፉ በሌላ ቱቦ ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል። ካርቡራተሩ ውስጥ የነዳጁ ከፍታ ምንጊዜም አንድ ዓይነት የሚሆነው በዚህ ነው። ስለዚህ ሌሎች ካርቡራተሮች የነዳጁን ከፍታ የሚቆጣጠሩበት ተንሳፋፊ አያስፈልገውም። ኑሮው ካርቡራተር መሥራት የሆነ ድርጅት ከካርቡራተሩ ውስጥ ዋናውን ዕቃ አውጥቶ መጣሉ እስካሁን ይገርመኛል። እኔ ከሶሌክስ ሁሉ ያማረው ይህ ነው እላለሁ።

ጋዙም የተገላቢጦሽ ነው። ምንም ካልነካችሁ ሞተሩ ሙሉ ጋዝ ላይ ነው። መሪው ላይ ያለችውን ዘንግ ስትገፏት ፍጥነቱ ይቀንሳል። እስከ መጨረሻው ስትገፏት ዲኮምፕሬሰሩ ይከፈታል፤ ማለትም ሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው አየር ይወጣና ሞተሩ ይጠፋል። ይህን ልብ በሉ። ሞተሩ እየሠራ በእጀታው ከጎማው ብታነሱት፣ ሸክም አጥቶ ሙሉ ጋዝ ላይ ይጮሃል። መጀመሪያ አጥፉ፣ ከዚያ አንሱ።

የትኛዋ ናት?

ከሩቅ ሁሉም ይመሳሰላሉ። ቀረብ ስትሉ ግን ዕድሜያቸውን ይናገራሉ። የመጀመሪያዎቹ፣ ከ1946 ጀምሮ የተሸጡት፣ 45 ሲሲ ናቸው። ጎማቸው ተለቅ ይላል፣ አካላቸው ከክብ ቱቦ የተሠራና እንደ ዝይ አንገት የታጠፈ ነው። በ1953 330 የሚባለው ሞዴል መጣና ሞተሩ 49 ሲሲ ሆነ። ከእሱ በኋላ 660፣ 1010ና 1400 ተከታተሉ። በእነዚህ መካከል ያለው ልዩነት ለሰብሳቢ እንጂ ለነጂ ብዙም ትርጉም የለውም።

ለነጂ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1959 ነው። 1700 የሚባለው ሞዴል በራሱ የሚሠራ ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከጎማው የሚያለያይ ዕቃ) አገኘ። ከዚያ በፊት የትራፊክ መብራት ላይ በቆማችሁ ቁጥር ሞተሩም ይቆማል፤ እንደገና በፔዳል ማስነሳት ነው። ከ1700 ጀምሮ ግን ቆማችሁም ሞተሩ ቀስ እያለ ይሠራል። ከተማ ውስጥ ልነዳት ነው የምትሉ ከዚህ በፊት የተሠራችውን አትግዙ። ውበቷ ሊስባችሁ ይችላል፣ ግን በየመብራቱ ትደክማላችሁ።

በ1961 2200 ወጣ። በ1964 ደግሞ 3300 መጣና አካሉ ተለወጠ። ክቡ ቱቦ ቀርቶ ባለ አራት ማዕዘን ሆነ። ስለዚህ አካሏን አይታችሁ ብቻ ከ1964 በፊትና በኋላ መሆኗን መለየት ትችላላችሁ። በ1966 የመጣው 3800 ዋናው ነው። እስከ 1988 ድረስ ተሠርቷል። በብዛት የምታገኙትም እሱን ነው። ጥቁር ብቻ ሳይሆን ቀይና ሰማያዊም አለ።

ከዋናው መስመር የወጡም አሉ። 5000 በ1971 የመጣች ባለ ትንንሽ ጎማ ናት። በብጫና በብርቱካን ቀለም ስታዩአት የዘመኑን ወጣት ለመማረክ መሠራቷ ይታወቃችኋል። ታጥፋ መኪና ውስጥ የምትገባ ፕሊሶሌክስ የምትባልም አለች። ሚክሮን ፔዳል የላትም፣ በጣም ትንሽ ናት፣ ብዙም አልተሸጠችም፤ ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሟት ለዚህ ነው። 6000 የምትባለው ሮለሩን ትታ በዘንግ የምትነዳ ናት። ለአሜሪካ ገበያ የተዘጋጀችው 4600 ትባላለች። ኔዘርላንድስም በፈቃድ ሠርታለች፤ ስለዚህ እዚያ የምትኖሩ ፈረንሳይ ድረስ መሄድ የለባችሁም። በፈረንሳይ ምርቱ ካቆመ በኋላ በሃንጋሪ፣ ቀጥሎም በቻይና ተሠርታለች። ሻጩ «ኦሪጅናል የፈረንሳይ ናት» ቢላችሁ የአምራቹን ሳህን አንብቡ።

የእኔ ምክር አጭር ነው፦ የመጀመሪያችሁ ከሆነ 3800 ግዙ። መለዋወጫዋ እስከ ዛሬ በአዲስ ይሠራል። ዳያፍራም፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ)፣ ጎማ፣ ኬብል፣ ሁሉም ይገኛል።

ከመግዛታችሁ በፊት የምትፈትሹት

ቀለሙን ተዉት። ቀለም ይቀባል። የቮላኖውን ሽፋን አስነስታችሁ ሞተሩን በእጅ አዙሩት። ከዞረ ጥሩ ነው። ካልዞረ ፒስተኑ ተጣብቋል ማለት ነው፤ ሊድን ይችላል፣ ዋጋው ግን መቀነስ አለበት። ቀጥሎ ሞተሩን ጎማው ላይ አውርዳችሁ ወደፊት ግፏት። ጎማው እየተቋቋመ፣ ሞተሩም እየተነፈሰ መሄድ አለባቸው። ምንም ሳትቋቋም ከተንሸራተተች ወይ ሮለሩ አልቋል፣ ወይ ዲኮምፕሬሰሩ ተከፍቶ ቀርቷል፣ ወይ የፒስተኑ ቀለበቶች ሞተዋል። የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ገንዘብ አትቁጠሩ።

የሰልባትዮውን ክዳን ክፈቱና በባትሪ መብራት ውስጡን እዩ። ቀላል ዝገት ይጸዳል። ቅርፊት ቅርፊት እያለ የሚረግፍ ከሆነ አስቡበት። አካሏን መሐል ላይ፣ እግር በሚያልፍበት ዝቅ ያለ ቦታ፣ ስንጥቅና ብየዳ ፈልጉ። ሙሉ ክብደቷ ወደ 28 ኪሎ ብቻ ስለሆነ አንስታችሁ ከታች ማየት አይከብድም።

ከሁሉ በላይ ወረቀቷን ጠይቁ። ፈረንሳይ ውስጥ ከ2011 መጀመሪያ ጀምሮ አሮጌዎቹም ጭምር ታርጋና የምዝገባ ወረቀት ሳይኖራቸው መንገድ ላይ አይወጡም። ወረቀት የሌላትን ማስመዝገብ ይቻላል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል።

የተጣበቀ ፒስተን

ካንዴላውን ፍቱ። በቀዳዳው ጥቂት ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጉና ቢያንስ አንድ ሌሊት ተዉት። በማግስቱ ቮላኖውን በእጅ ወዲያና ወዲህ ሞክሩት። እምቢ ካለ ዘይት ጨምሩና ጠብቁ። በመዶሻ አትምቱ። በብረት አታስገድዱ። ፒስተኑ የተያያዘው ከዘንጉ አንድ ጫፍ ጋር ብቻ ነው፤ በጉልበት ዘንጉ ሊጎብጥ ይችላል። የጎበጠ ዘንግ ደግሞ ከሶሌክሷ ዋጋ በላይ ያስወጣል።

የነዳጁን መንገድ ማጽዳት

ያልተነሳች ሶሌክስ ስታገኙ ከዚህ ጀምሩ። ለዓመታት የቆመ ቤንዚን ሙጫ ይሆናል። ሰልባትዮውን ፈትታችሁ አሮጌውን ነዳጅ ድፉ፤ መሬት ላይ ሳይሆን ዕቃ ውስጥ። በጥቂት አዲስ ቤንዚን አጥቡት። ዝገት ካለው እፍኝ ትንንሽ ብሎኖች ከቤንዚን ጋር ጨምሩና ደጋግማችሁ አንቀጥቅጡት። ስትጨርሱ ብሎኖቹን መቁጠር አትርሱ፣ አንዱ ውስጥ እንዳይቀር።

ቀጥሎ የፓምፑን ክዳን ፍቱ። ዳያፍራሟን አውጥታችሁ ብርሃን ላይ ያዟት። ደርቃ ከሆነ፣ ከተሸበሸበች ወይም ቀዳዳ ካላት በአዲስ ቀይሯት። ደህና ብትመስልም እኔ እቀይራታለሁ። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ያለ እሷ ደግሞ ምንም ነገር አይሠራም። ክዳኑ ፊቱ ጠፍጣፋ መሆኑን እዩ። ከተጣመመ አየር ያስገባል፣ አየር ካስገባ ነዳጅ አይስብም። ስትዘጉት ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ በእኩል አጥብቁ።

ካርቡራተሩን ስትፈቱ ነዳጅ የምትረጨውን ትንሿን ናስ ታገኛላችሁ። መሐሏ ላይ ፀጉር የምታህል ቀዳዳ አለች። ሽቦ አታስገቡባት! ቀዳዳዋ በጥቂቱ ከሰፋች ሞተሩ ከዚያ በኋላ በትክክል አይሠራም። በቤንዚን ዘፍዝፏትና በአየር ንፏት። የመመለሻውን ቱቦም አትርሱ። እሱ ከተዘጋ ትርፉ ነዳጅ መሄጃ ያጣና ካርቡራተሩን ያጥለቀልቀዋል፤ ሰዉ ግን ፓምፑን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ያየሁት ስሕተት ነው።

እሳት አላት?

ካንዴላውን ፈትታችሁ ኬብሉ ላይ እንደተሰካ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩት። ሌላ ሰው ሞተሩን በፍጥነት ያዙር። በዚህ ጊዜ የነዳጅ ዕቃ አጠገባችሁ አይሁን። ሰማያዊ ብልጭታ ካያችሁ ይህን ክፍል እለፉት።

ብልጭታ ከሌለ መጀመሪያ ካንዴላውን በአዲስ ሞክሩ። ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። አሁንም ከሌለ ፑንቲናው ነው፤ ብልጭታው እንዲፈጠር የሚከፈትና የሚዘጋው የኤሌክትሪክ መገናኛ ማለት ነው። ከቮላኖው ሥር ስላለ ቮላኖውን ማውጣት ያስፈልጋል፤ ለዚህ የተሠራ መጎተቻ ግዙ ወይም ተዋሱ። ለዓመታት የቆመች ሶሌክስ ፑንቲናዋ ላይ ስስ ዝገት ይይዛል፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ለስለስ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ ከዚያ በንጹሕ ጨርቅ። ሙሉ ለሙሉ ሲከፈት ክፍተቱ 0.4 ሚሊ ሜትር እንዲሆን አስተካክሉ። አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ይበቃል። ካልበቃ ኮንደንሰሩን፣ ከዚያ ቦቢናውን (ብልጭታውን የሚያመነጨውን ጥቅልል ሽቦ) ጠርጥሩ።

ሮለር፣ ጎማና ፍሬን

ሮለሩን በጣታችሁ ዳብሱት። እንደ ብርጭቆ ወረቀት መሻከር አለበት። ከለሰለሰ ወይም መሐሉ ከጎደጎደ በዝናብ ይንሸራተታል፣ የፊት ጎማውንም ይበላዋል። የፊት ጎማው ለሶሌክስ የተሠራ፣ ወፍራም ፊት ያለው መሆን አለበት። የተራ ብስክሌት ጎማ ሮለሩ ቶሎ ይጨርሰዋል። በደንብ ንፉት፣ ልል ጎማ አይሠራም። ሞተሩን ጎማው ላይ አውርዳችሁ ለቀናት አታቁሟት፤ ሮለሩ የተጫነበት ቦታ ይጎደጉዳል፣ ስትሄዱም ትነጥራለች።

የ3800 የፊት ፍሬን ቸርኬውን የሚቆነጥጥ የብስክሌት ፍሬን ነው። የኋላው ትንሽ ከበሮ አለው። የፍሬን ጎማዎቹንና ኬብሎቹን ያለ ማመንታት በአዲስ ቀይሩ። የአፍንጫዋ ክብደት ብዙ ስለሆነ በእርጥብ መንገድ የኋላውን ቀድማችሁ ያዙ።

ማስነሳት

ነዳጁ ቤንዚንና ዘይት ድብልቅ ነው። ድሮ ሶሌክሲን የሚባል የተዘጋጀ ድብልቅ በቆርቆሮ ይሸጥ ነበር። ዛሬ ራሳችሁ ታዘጋጃላችሁ። እኔ በ1 ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት እጨምራለሁ። በሌላ ዕቃ ደባልቁና አንቀጥቅጡት፣ ከዚያ ሰልባትዮው ውስጥ ጨምሩ። ሰልባትዮው ወደ 1.4 ሊትር ይይዛል። ይህም ወደ 100 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል።

ጸጥ ያለ፣ ሜዳ መንገድ ምረጡ። ቾኩን (የአየር መዝጊያውን) ዝጉ። ሞተሩን በእጀታው ጎማው ላይ አውርዱ። የጋዙን ዘንግ እስከ መጨረሻ ገፍታችሁ ያዙና ፔዳል ምቱ። ፍጥነት ስትይዙ ዘንጉን ልቀቁ። ሰልባትዮውና ቱቦዎቹ ደርቀው ከነበሩ ፓምፑ ነዳጁን እስኪያነሳ ድረስ ረዘም ላለ ጊዜ መምታት ያስፈልጋል። ተስፋ አትቁረጡ። አንዴ ከተነሳች ጥቂት ጭስ ይኖራል። ስትሞቅ ቾኩን ክፈቱ።

ተነስታ ጉልበት ካነሳት ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ፍቱ። የዘይት ጥላሸት ይሞላዋል። ጠርጋችሁ አውጡ። ሲሊንደሩ ላይ ያለውን የጭስ መውጫም እዩ። ፒስተኑ ቀዳዳውን እንዲዘጋ አድርጋችሁ ጥላሸቱን በእንጨት ፋቁት፣ በብረት አይደለም።

መንዳት

በሰዓት ከ30 እስከ 35 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ሽቅብ ላይ በፔዳል ታግዟታላችሁ፣ ፔዳሉ የተተወላት ለዚህ ነው። የራስ ቁርና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ከ1988 መጀመሪያ ወዲህ የተወለደ ሰው ለዚህ ዓይነት ተሽከርካሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሌላ አገር ያላችሁ የአገራችሁን ደንብ እዩ።

አዲስ አበባ ወስጄ ልንዳት ለምትሉም አንድ ነገር ልበል። ጉልበቷ ሲጀመርም ከ1 የፈረስ ጉልበት በታች ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዚያም ላይ ሩብ ያህሉን ታጣለች። ወደ እንጦጦ አቅጣጫ እናንተ ትወስዷታላችሁ እንጂ እሷ አትወስዳችሁም። ብስክሌት በለመደችው ባሕር ዳር፣ ሜዳው ላይ፣ ይሻላታል።

ክረምት ላይ ስታስቀምጧት

የአውሮፓ ክረምት ረዥም ነው። ሰልባትዮውን ባዶ አድርጉ። ካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ድረስ ንዷት። በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምሩና ቮላኖውን አንድ ሁለቴ አዙሩት። ሞተሩን አንስታችሁ መንጠቆው ላይ ስቀሉት። ጎማዎቹን ንፉና ከእርጥበት ራቅ አድርጋችሁ አቁሟት።